የተቆረጠው አግዳሚ

አግዳሚው ግንድ ከመሃል ተቆርጦ ሁለቱ ጫፎች እንደ ተቆረጠ ክንድ ተንጠልጥለዋል። ትኩስ ሰጋቱራ ወለሉን ሸፍኗል። አርክቴክቷ ደረጃውን ወጥታ እንዳየችው ባለችበት ቀረች።

ይህ የድንጋይ ጎተራ አያቷ ሳይወለድ የተሠራ፣ ለእሷና ለወንድሟ ከአባታቸው የተላለፈ ነው። ሁለት ክንድ የሚወፍር ግንቡ በኖራ የተያያዘ ሲሆን፣ ከግንብ ግንብ የተዘረጉት ስድስት ግንዶች ጣሪያው ግድግዳውን ወደ ውጭ እንዳይገፋ አቅፈው ይዘውታል። ጎተራው ለአራት ትናንሽ ቤቶች ሲከፈል፣ አንዱም ግንድ እንዳይነካ ሁለት ዓመት ሙሉ ስትነድፍና ስትሰርዝ ከርማለች።

«ማን ነው ያስቆረጠው?»

ሽማግሌው አናጺ መጋዛቸውን አስቀመጡ። «ወንድምሽ ናቸዋ፣ የኔ ልጅ። በመኝታ ቤቱ በር ላይ ግንዱ ስላለ ሰው ጎንበስ ሳይል አይገባም አሉ። እሷ ታውቃለች ወይ ብዬ ብጠይቃቸው፣ ተስማምታለች አሉኝ።»

ደሟ ፈላ። ግን ለመናደድም ጊዜ አልነበራትም። ወደ ውጭ ወርዳ በመሰላል ወጣችና የግድግዳ ቀጥታ የሚለካበትን ባለ ክብደት ገመድ፣ ቱምቢውን፣ ከግንቡ አናት ለቀቀችው፤ ግድግዳው ሦስት ጣት ያህል ወደ ውጭ ወጥቷል።

«አባባ፣ ሠራተኞቹን በሙሉ ያስወጡልኝ። ግድግዳውን የምንደግፍበት ባላ የሚሆን ረጃጅም ግንድ እንፈልጋለን።»

ታላቅ ወንድሟ የደረሰው ሁለተኛውን ባላ ሲያቆሙ ነው። የመኪናውን በር ሳይዘጋ መጣ።

«እታለም፣ ምን ሆነሽ ነው ሥራ ያስቆምሽው? ተከራዮቹ እኮ በሳምንቱ መጨረሻ ይገባሉ።»

«ወንድምጋሼ፣ ግድግዳው ወደ ውጭ እየሄደ ነው።»

«ስንት ዘመን የቆመ ግድግዳ ዛሬ ይሄዳል?»

«የያዘውን ቆረጥክበት።»

«አንቺ ሁሌም እንዲህ ነሽ። አንድ በር ከፍ ሲል ዓለም የሚፈርስ ይመስልሻል።»

ልጅ ሳሉም እንዲህ ነበር። አንድ ነገር ስትለው ፈገግ ይልና ያሰበውን ያደርጋል፤ የተበላሸውን የምታቃናው እሷ ናት።

«ፊርማዬን ከፕላኑ ላይ አነሳለሁ» አለች። «ያለ እኔ ፊርማ ማንም አይገባበትም።»

«በአባታችን ቤት ላይ?»

«በአባታችን ቤት ላይ።»

ሊመልስላት አፉን ሲከፍት ግንቡ ውስጥ የሆነ ነገር ተንኮሻኮሸ። ከድንጋዮቹ መሃል የኖራ ዱቄት ወረደ፤ አንዲት ጠጠር ተንከባልላ ጫማው አጠገብ ቆመች። ወንድሟ ጠጠሯን ትኩር ብሎ ተመለከታት፤ ከዚያ ኮቱን አውልቆ መሬት ላይ ጣለና ለባላ የተጋደመውን ግንድ በአንዱ ጫፍ አነሳ።

«ወዴት ላድርገው?» አለ።

እስከዚያ ቀን ምን ላድርግ ብሎ ጠይቋት አያውቅም ነበር። ንዴቷ ግን አልበረደላትም።

«ወደ ጥጉ» አለችው፣ ፊቱን ሳታይ፤ ሌላኛውን ጫፍም ጎንበስ ብላ ተሸከመች።