ባለ እንጨት ሰገነቱ ፎቅ

ሜላት የከተማው መሐንዲስ ናት። ዳንግላ ገበያ ዳር ያለው ባለ እንጨት ሰገነት አሮጌ ፎቅ እንዳይፈርስ በስብሰባ ላይ ብትሟገትም ሰሚ አላገኘችም። በሚፈርስበት ዕለት ጠዋት፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ እዚያ የኖሩትን እማማ ዘውድነሽን ደግፋ ከደረጃው አወረደቻቸው።

“ልጄ፣ ሊወድቅብኝ ነበር እንዴ?” አሏት።

“አይ እማማ፣ ጣሪያው ነው እንጂ የሚያፈሰው፣ ግድግዳውስ ደህና ነበር።”

“ታዲያ ለምን ያፈርሱታል?”

“ረጅም ሕንፃ ሊሠሩበት ነው።”

ኤክስካቫተሩ ደጋግሞ ቢመታውም ግድግዳው አልበገር አለ። ባለጋሪዎቹ ሳይቀሩ ቆመው አዩ። እኩለ ቀን ሲሆን ተናደ።

ቦታው ዛሬም በቆርቆሮ እንደታጠረ ባዶውን ነው። ሰሞኑን ሜላት፣ ጫግኒ እህታቸው ዘንድ የተጠጉትን እማማን ልትጠይቅ ሄዳ ነበር።

“ሕንፃው አማረ?” አሏት።

“በጣም ያምራል” ብላ ዋሸቻቸው።