ጓንት ያድርጉ የተባለችው ገጣሚ

ምላሶ ነገሩ ያላማራት ገና ከበሩ ነው። ሰውዬው ለአክስቷ ነጭ የጨርቅ ጓንት ዘረጋላት፤ "ያድርጉት፣ መጽሐፉ እንዳይጎዳ።" ገጣሚዋ አክስቷ የገዛ መጽሐፏን ለመንካት ጓንት።

"እጇን ትታጠባለች እኮ" አለች ምላሶ። አክስቷ በክርኗ ጎሸም አደረገቻት።

ሰውዬው ገጣሚና ሰዓሊ አብረው የሠሯቸውን ብርቅ መጻሕፍት ይሰበስባል። ሳሎኑ በመስታወት ቁም ሳጥን ታጥሯል፤ መጻሕፍቱ እንደ እስረኛ ከውስጥ ሆነው ያያሉ። አንዱንም አንብቦት አያውቅም፤ ሲገለጡ ይጎዳሉ ባይ ነው። ታዲያ መጽሐፍ መሰብሰብ ምን አደከመው፣ ጡብ አይሰበስብም? አለች ምላሶ በልቧ።

አክስቷና ሟቹ ሰዓሊ ጓደኛዋ መጽሐፎቻቸውን አንድ በአንድ በእጅ ነበር የሚሠሩት። እሱ ቀድሞ ይስላል፤ ከሥዕሉ ሥር ባዶ ቦታ ትቶ በእርሳስ ያሰምርላታል። እሷ ሥዕሉን ስታይ ትውልና ግጥሙን መስመሩ ላይ ትጽፋለች። የመጨረሻውን ገጽ የሳለው አልጋ ላይ ሆኖ ነው። "ነይና እዪው" ብሎ ላከባት። እሷ ከሌላ ከተማ እስክትደርስ ግን እሱ ዐረፈ፣ ልጆቹም መጽሐፉን ለዚህ ሰብሳቢ ሸጡት። ያችን ገጽ ለማየት ሰውዬውን ስንት ጊዜ ደጅ ጠናችው፤ እሺ ብሎ አያውቅም። ዛሬ ራሱ ሲጠራት ቀሚሷን ሁለቴ ተኩሳ ነው የመጣችው።

ለካ የፈለገው ፊርማዋን ነው።

"እዚህች ላይ ብቻ" አለ፣ መጽሐፉን ፊተኛው ገጽ ላይ ከፍቶ ሌላውን በመዳፉ እንደተጫነ።

"መጨረሻውን ልየውና እፈርማለሁ።"

"እሱን እንኳ ይተዉት። ጉድለት ያለበት ገጽ ነው፣ ለእንግዳም አላሳየው።"

ምላሶ ከዚህ በላይ አልቻለችም። "ተነሺ አክስቴ፣ እንሂድ። ጋሼ ራሳቸው ይፈርሙት፤ ጓንቱም በልካቸው ነው።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን ትቆነጥጣት ነበር። ዛሬ ግን አክስቷ ቦርሳዋን አንስታ ቆመች። ሰውዬው ፊርማው በእግሩ ሲሄድበት ታየው መሰል፣ "ቆይ፣ ቆይ" ብሎ የመጨረሻውን ገጽ ገለጠው።

ሥዕሉ አክስቷና ሰዓሊው አብረው ይሠሩበት የነበረው ጠረጴዛ ነው። በአንድ በኩል እሷ ጎንበስ ብላ ትጽፋለች፤ በእሱ በኩል ወንበሩ ባዶ ነው። ከሥሩ በሚንቀጠቀጥ እጅ የተሰመሩ የእርሳስ መስመሮች አሉ፤ ምንም አልተጻፈባቸውም።

"ይኸው፣ ሳይጨርሰው ሞተ" አለ ሰውዬው። "መስመሮቹን በላጲስ የሚያጠፋልኝ ባለሙያ እያፈላለግሁ ነው።"

አክስቷ ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ሥዕሉን ነው፣ ሰውዬውንማ ዞርም ብላ አላየችው። ከዚያ ጓንቱን አወለቀች። ለፊርማ የተቀመጠላትን ብዕር አንስታ የመጀመሪያው መስመር ላይ መጻፍ ጀመረች።

ሰውዬው እጁን ሲሰድ ምላሶ መሃል ገባች። "ጋሼ፣ ጓንት አላደረጉም" አለችው።

"መጽሐፌን አበላሻችሁት" አለ፣ ድምፁ ሰልሎ።

"መጽሐፌን" አለች አክስቷ ቀስ ብላ፣ ቃሉን እንደማጣጣም። የመጨረሻውን መስመር ሞልታ ቀለሙን እፍ አለችበት። "ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረህ አንብበው። የትኛውን ገጽ እንደወደድክ ስትነግረኝ እፈርምልሃለሁ።"

ምላሶ ደረጃውን እስኪጨርሱ ጆሮዋን ወደ ኋላ ጥላ ነበር። የሰማችው ቁም ሳጥኑ ሲቆለፍ ነው።

"ቆለፈበት፣ ይሄ ደረቅ።"

አክስቷ ቀለም የነካውን ጣቷን ታያለች። "ይቆልፍበት፣ ምን አባቱ" አለች። "ጨርሰነዋል።"