ከኋላ የምታንኳኳው

አናጢው ልጅ ሳለ፣ አንድ ዝናባማ ከሰዓት፣ አባቱ ስለ እሱና ስለ ታናሽ ወንድሙ ከግድግዳው ወዲያ ለእናቱ ሲናገር ሰምቶ ነበር። «እነዚህ ሁለቱ አንድ ሸክም ለሁለት አይዙም፤ አንዱ ሲያነሣ አንዱ ይለቃል» ነበር ያለው፣ ወይም እንደዚያ ያለ ነገር። የእናቱን መልስ ጣሪያውን የሚደበድበው ዝናብ ዋጠበት። አርባ ዓመት አልፎ፣ ዛሬ ቅዳሜ ጧት፣ ባለ መኝታው መኪና ወለል ላይ በደረቱ ተኝቶ መሳቢያ ውስጥ ባትሪ እያበራ ያ ንግግር ትዝ አለው።

«የሚንኳኳውን አገኘኸው?» አለ ታናሽ ወንድሙ ከውጭ። ሾፌር ነው። ድሮ «ጋሼ» ይለው ነበር፤ ከተጣሉ ወዲህ ግን ቃሉ ከአፉ ወጥቶ አያውቅም።

«ካርቶን ነው ያገኘሁት። ማነው እዚህ የወሸቀው?»

«እኔ ነኝ። ያንተ መሳቢያ ሲንጫጫ ማን ይስማው? ቤት ሠራሁ ብለህ ጠጠር የገባበት ጣሳ ነው የሠራኸው!»

«ካርቶንህ መሳቢያውን ከመያዣው አስወጥቶታል፣ ደንቆሮ! ያስጮህከውስ አንተ ነህ።»

መኪናውን ሳይጣሉ በፊት ከአሮጌ ሚኒባስ የሠሩት ሁለቱ ናቸው፤ አልጋውንና ቁምሳጥኑን አናጢው፣ ሞተሩንና ሥሩን ሾፌሩ። ኳኳታ በተነሣ ቁጥር አንዱ «ከእንጨትህ ነው»፣ ሌላው «ከብረትህ ነው» ሲል ዓመታት አለፉ። አሁን ግን ነገሩ የኩራት አልነበረም። እናታቸው ወድቃ የወገቧ አጥንት ተሰንጥቋል። ቀጠሮዋ ሰኞ ጧት ነው፤ ሆስፒታሉ የአንድ ቀን ተኩል መንገድ ይርቃል፤ ተጋድማ ካልሆነ ደግሞ መሄድ አትችልም። ትናንት ሾፌሩና እህታቸው ይዘዋት ገና ከሰፈር ሳይወጡ ጮኸች። ኳኳታው ባስደነገጣት ቁጥር ሰውነቷን ትቋጥራለች፤ በቋጠረች ቁጥር ወገቧን ይወጋታል። «መልሱኝ፤ ከዚህስ ቤቴ ልሙት» አለች።

ሾፌሩ መኪናው ሥር ገባ። ብዙም ሳይቆይ እየተሳደበ ወጣ፤ እጁ ላይ የተጠማዘዘ ሽቦ ይዟል።

«ጭስ ማውጫዬን በሽቦ የጠፈረው ማነው?»

አናጢው ባትሪውን አጥፍቶ ኪሱ ከተተ።

«አንተን እኮ ነው! ላስቲኩ ላይ ተንጠልጥሎ እንዲወዛወዝ ነው የተሠራው። ከወለሉ ጋር ጠፍረህ እንደ ከበሮ ስታስመታው ሰንብተህ እኔን ትሰድበኛለህ?»

«ይንቀሳቀስ ነበር።»

«ይንቀሳቀሳላ! አንተ የሚንቀሳቀስ ነገር ካየህ እንቅልፍ አይወስድህም።»

እህታቸው የእናቷን ትራስ ታቅፋ በሩ ላይ ቆማለች። «እሰይ!» አለች። «ከውጭ ጠላት አያስፈልገንም፤ ሁለታችሁ ትበቁናላችሁ። ከቀትር በፊት ካልተነሣን ቀጠሮው አለፈ።»

ካርቶኑም ሽቦውም ወጣ። ሾፌሩ ብቻውን ሰፈሩን ዞሮ መጣ። ጫጫታው በግማሽ ቀንሷል፤ ግን አንዲት ቀጭ፣ ቀጭ የምትል ቀርታለች፤ ከኋላ፣ ከአልጋው በኩል። መኪናው ቆሞ ሲነቀንቁት ጭጭ ትላለች፤ ሲሄድ ብቻ ነው አፍ የምታወጣው።

«አንድ ሰው አልጋው ላይ ተኝቶ ያዳምጣታል» አለች እህትየው።

«አንቺ ተኚ» አለ አናጢው።

«እኔ እንጨትና ብረት በድምፅ አልለይም። አንተ ደግሞ መንዳት አትችልም። እንግዲህ የሚተኛው ማን እንደሆነ ፈጣሪም እኔም እናውቃለን።»

ሾፌሩ ፈገግ አለ፤ ክፉ ፈገግታ። «እኔ የምነዳው መኪና ላይ ላይሳፈር ምሏል እኮ። ጻድቁን ሰውዬ መሐላ አታስፈርሺው።»

መማሉ እውነት ነው። ከሰባት ዓመት በፊት ታናሽየው እንደ ልማዱ መታጠፊያ ላይ ሲከንፍ አብረው የተሳፈሩበት የጭነት መኪና ተገለበጠ፤ አናጢው ለሙሽሮች የሠራው ቁምሳጥን እንክትክቱ ወጣ፤ ትከሻውም ተሰበረ። እስከ ዛሬ «ይቅርታ» የሚል ቃል አልሰማም። «ለእግዜር ሰጥቼዋለሁ» ይላል ሰው ሲጠይቀው፤ የሰጠውን ቂም ግን በየሳምንቱ እየሄደ ይጎበኘው ነበር።

ከቤት ውስጥ የእናታቸው ድምፅ ተሰማ። ልትገላበጥ ሞክራ አቅቷት ነው።

አናጢው ጫማውን አወለቀ። እናቱ የምትተኛበት ቦታ ላይ በጀርባው ተጋደመና መዳፉን እንጨቱ ላይ ለጠፈ።

«ቀስ ብለህ ንዳ» አለ ጥርሱን ነክሶ።

«ቀስ ካልኩ ቀጭ፣ ቀጭ አትልም። ያኔ ምኗን ልታዳምጥ ነው?»

አናጢው ጣሪያውን አየ። ትከሻው ጠዘጠዘው።

«እሺ» አለ። «እንደምትነዳው ንዳ።»