የጠፋው ሲምባል

ሠላሳ ዓመት ብረት ስቆርጥ የኖርኩት፣ መቁረጫው በጮኸ ቁጥር የምወዳቸውን የሮክ ተጫዋቾች ካሴት ከሱ በላይ እያስጮህኩ ነው። ዛሬ ዝዬ ከሥራ ስገባ ልጄ አዲሱን አልበማቸውን በስልኳ ከፈተችልኝ። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ደሜ ፈላ።

«የድራሙን ሲምባል፣ ያንን የሚንሿሿውን የናስ ሳህን፣ ጅብ በላው እንዴ? ዕድሜ ልካችንን አጨብጭበንላቸው አሁን ግማሽ ሥራ ይሸጡልናል!»

«አባዬ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ እየተንሿሿ ነው እኮ።»

አሮጌውን ካሴቴን ቴፑ ውስጥ ከተትኩት። ሲምባሉ ጥርት ብሎ ተሰማኝ።

«ይኸው! ሥራ ማለት ይሄ ነው!»

ልጄ ጆሮዋን ስፒከሩ ላይ ለጥፋ ብዙ ቆየች።

«አባዬ፣ ካሴቱ ተበልቷል። እዚህ ላይ ምንም ሲምባል የለም።»

ክርክሩ ሰለቸኝና ቴፑን አጠፋሁት። ሲምባሉ ግን ጆሮዬ ውስጥ መንሿሿቱን አላቆመም።