ባለቤቱ ይምጣና ያስወጣው

ወንድሜን አልወደውም። ይህን መጀመሪያ ልናገርና ይውጣልኝ፤ በኋላ ከሰው አፍ ሰማን እንዳትሉ። ከአንድ ማህፀን ወጥተን፣ አንድ ጡት ጠብተን፣ ዛሬ ሆድና ጀርባ ነን። ታላቄ ስለሆነ አፌ ለምዶበት «ጋሼ» እለዋለሁ እንጂ ሰፈሩ የሚጠራው «ሊቀመንበሩ» ብሎ ነው። ሁለት ሰው ቆሞ ሲያወራ ካየ መሀል ገብቶ ካልመራ እንቅልፍ አይወስደውም።

የጸባችን ምክንያት የጸሎት ቤት ነው። አትሳቁ።

አባታችን ግንበኛ ነው። እናታችን ስትሞት ግቢውን ለእግዚአብሔር ሰጠሁ አለ። ሰጠሁ ብሎም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ ያደግንበትን ቤት አፍርሶ እዚያው ላይ የጸሎት ቤቱን መገንባት ጀመረ። ድንጋይ ያቀበለው ሰው ነበር፣ ጣሪያውንም ሌሎች መቱለት፤ ግድግዳው ግን ከመሠረቱ እስከ ጫፉ የእሱ ነው። የልብስ ስፌት ሱቄ ከመንገዱ ማዶ ስለሆነች የስፌት መኪናዬን እየረገጥኩ ሳየው ከረምኩ። ግድግዳው ከፍ ባለ ቁጥር እሱ ዝቅ እያለ ሄደ። የሲሚንቶው አቧራ ሳንባው ውስጥ ገባ፤ በመጨረሻም እግሩ እምቢ አለ። ከአዳራሹ ጀርባ ለዕቃ ማስቀመጫ ብሎ የሠራት ክፍል ነበረች፤ አልጋውን እዚያ አስገባና ተኛ። ጠዋትና ማታ ምግብ የማመላልስ እኔ፣ ገላውን የማጥብ እኔ፣ ሲያስለው ጀርባውን የማሽ እኔ። ሊቀመንበሩ ስብሰባ አለበት።

አባዬ በሥራው አንድ ደንብ አለው። ቤት ሠርቶ ሲጨርስ ዕቃውን በሙሉ ያወጣል፣ ወለሉን ራሱ ይጠርጋል፣ ቁልፉን ባለቤቱ እጅ ላይ ያስቀምጣል። ከዚያ ወዲያ «ግባ» ካልተባለ በዚያ ደጃፍ አያልፍም። «ቁልፍ ያስረከበ ግንበኛ እንግዳ ነው» ይላል። አንድ ጊዜ ውሃ ልኩን፣ የግድግዳ ማስተካከያውን፣ ካስረከበው ቤት ረስቶት ወጣ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ውሃ ልኩም መስኮቱ ደፍ ላይ ቁጭ ብሎ ይታየዋል። እሱ ግን ባለቤቱ ከሥራ እስኪመለስ ዝናብ እየመታው ደጅ ቆሞ ዋለ። እናቴ «ገባ ብለህ ብታነሳው ምን ትሆናለህ?» ብላ ስትቆጣው «በሰው ቤት?» አላት። እኛ ቤት ይህ የሞኝ ወሬ ሆኖ ሲሳቅበት ኖረ። ከሁሉ አብልጬ የምስቀው እኔ ነበርኩ።

ቤቱ ሊባረክ አንድ ቀን ሲቀረው ሊቀመንበሩ ዓይኑን በጨው አጥቦ መጣ። ሁለት የኮሚቴ ሰዎች አስከትሏል። የአባዬን ሸሚዝ አጥቤ ሳሰጣ ነበር።

«አባዬ ዛሬ መውጣት አለበት» አለ፤ ሰላምታ የለ፣ እንዴት አደርሽ የለ። «ካህኑ ነገ ጠዋት ይመጣሉ። ቤቱ ከተባረከ በኋላ ሰው አይተኛበትም፤ የግል ዕቃም አይቀመጥበትም።»

«አባዬ የግል ዕቃ ነው?»

«ነገር አትጠምዝዢ።»

«የት ልትወስደው ነው?»

«አንቺ ጋ።»

«አንተ ጋስ ምን ይለዋል?»

«የእኔ ቤት ደረጃ አለው፤ ታውቂያለሽ።»

«በጀርባህ አዝለህ ታወጣዋለህ። አንተንም አዝሎ ነው ያሳደገህ።»

ከኮሚቴ ሰዎቹ አንዱ መሬት መሬት ማየት ጀመረ። እኔ እርጥቡን ሸሚዝ እንደያዝኩ ሄጄ የአባዬ ክፍል በር ላይ ተገተርኩ። አባቴ ከገዛ ድንጋዩ መሀል እንደ አሮጌ ሳጥን ተነስቶ ሲወጣ ቆሜ ልይ? ሞቼ ነው።

«ከነገ ጀምሮ ይህ ቤት የእግዚአብሔር ነው» አለ ሊቀመንበሩ፣ ጣቱን ወደ ጣሪያው ቀስሮ።

«እንግዲያው ባለቤቱ ይምጣና ያስወጣው። አንተ ምን አግብቶህ ነው? ደላላው ነህ?»

ፊቱ ተለዋወጠ። እኔ ደግሞ ከጀመርኩ ማቆም አላውቅበትም። «ቁልፉን ወገብህ ላይ አንጠልጥለህ፣ ከአዳራሹ ፊት ለራስህ ባለ መደገፊያ ወንበር አስቀምጠህ፣ አባትህን ልታስወጣ መጣህ። ያለብህን ነገር እኔ ነኝ የማውቀው። ግቢውን እወርሳለሁ ብለህ ስትጠብቅ ለእግዜር ሰጠብህ፤ ያ ነው አንጀትህን ያሳረረው። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አሉ።»

«እኔ አባዬን ይቅር ብዬዋለሁ» አለ።

«ምን በድሎህ ነው ይቅር የምትለው?»

ክርኔን ይዞ ከበሩ ሊያርቀኝ ሲል እርጥቡን ሸሚዝ ደረቱ ላይ ወረወርኩበት። ይኼኔ ከውስጥ የአባዬ ድምፅ መጣ።

«ስትጨርሱ ጥሩኝ።»

በሩን ከፈትኩ። አባዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ማንካውም መዶሻውም ውሃ ልኩም ጆንያ ውስጥ ገብተው አፉ ታስሯል። አጭሩ መጥረጊያ ጭኑ ላይ ነው። በአልጋው ዙሪያ ያለው ወለል እጁ እስከደረሰበት ድረስ ጥርግ ብሏል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው አቧራ ነው። ሰውዬው እኛ ደጅ ስንናከስ ከአልጋው ሳይወርድ ሲጠርግ ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ ደጃፉን ልቀቂ» አለኝ።

«አባዬ፣ አንተ የሠራኸው ቤት ነው። ማንም አያስወጣህም።»

«ማንም አላስወጣኝም፤ ሥራዬን ጨረስኩ። ሰጠሁ ብዬ ጥግ ይዤ ከተኛሁ ምኑን ሰጠሁት? ለሰው ቤት ያላደረግሁትን ለእግዜር ቤት ላድርገው?» ትንፋሽ አጠረው። «የቀረውን ጥረጊልኝ። እኔ አልደረስኩበትም።»

ሊቀመንበሩ ሸሚዙን ታቅፎ «ሰማሽ?» አለኝ።

«አንተ ደግሞ ቁልፉን» አለው አባዬ።

«የቱን ቁልፍ?»

«ወገብህ ላይ ያለውን።»

«አባዬ፣ እሱን እኮ ኮሚቴው ነው ወስኖ እኔ ጋ ያስቀመጠው።»

«የቤቱ ባለቤት ኮሚቴው ነው?»

ቁልፉን ለመፍታት የወሰደበት ጊዜ ለጉድ ነው። ማንጠልጠያው እምቢ አለው፣ ላብ አጠመቀው። አባዬ መዳፉን ዘርግቶ ይጠብቃል። ሲቀበለው ክብደቱን እንደሚለካ ሰው ከፍ ዝቅ አደረገውና ኪሱ ከተተው። «ወንበርህንም ከሌሎቹ ጋር ቀላቅለው» አለው። እውነቱን ለመናገር አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ጠረግሁ። ከዚያ አልጋውን ከነአባዬ ተሸክመን መንገዱን ተሻገርን፤ ሊቀመንበሩ በራስጌ፣ እኔ በግርጌ። ቃል አልተለዋወጥንም። አንድ ሹፌር ጡሩምባውን ሲነፋብን ሁለታችንም እኩል ዞረን ገላመጥነው። ከብዙ ጊዜ ወዲህ አብረን የሠራነው ነገር ቢኖር እሱ ነው።

በማግስቱ ጠዋት አባዬን በወንበር ተሸክመን ደጃፉ ድረስ አመጣነው። ሕዝቡ መንገዱን ሞልቶታል። አባዬ ቁልፉን ለካህኑ ዘረጋ። ካህኑ ከመቀበላቸው በፊት «ከዚህ ቤት ለራስዎ ያስቀሩት ነገር አለ?» ብለው ጠየቁት።

«የለም» አለ።

ካህኑ ወደ ሊቀመንበሩ ዞሩ። «ወራሽ አንተ ነህ። አንተስ?»

እሺ፣ አሁን ንግግር ሊያደርግ ነው ብዬ ጥርሴን ነከስኩ። ሊቀመንበሩ ግን ወደ ሕዝቡ አልዞረም። «ግቢውን ፈልጌው ነበር» አለ፣ ያ ስብሰባ የለመደ ድምፁ ጠፍቶ። «አባቴንም ተቀይሜው ነበር። እህቴ ትናንት የተናገረችው ሁሉ እውነት ነው። አሁን ሰጥቻለሁ።» ጎንበስ ብሎ የአባዬን ጉልበት ሳመ። ሰው ሁሉ እንባውን ይጠርጋል፤ እኔ ግን ተናደድኩ። ሲያጠፋም በሰው ፊት፣ ሲመለስም በሰው ፊት፤ እኔ ያንን ሁሉ ጊዜ ጀርባውን ሳሽ ማን አየኝ?

እኔን ካህኑ አልጠየቁኝም። በሩን ከፈቱ፣ ገቡ፣ ጸለዩ፣ ባረኩ። ሕዝቡም ተከተለና አዳራሹ ሞላ። አባዬ ወንበሩ ላይ፣ ከደፉ ወዲህ ቁጭ ብሏል። ሊቀመንበሩ ወንበሩን ሊያነሳው ሲል «ቆይ» አለው። ሕዝቡ ዘወር ዘወር እያለ ተመለከተን፤ ምን እንደሚጠብቅ የገባው አልነበረም። እኔ ግን ገባኝ። ያ ውሃ ልክ፣ ያ ዝናብ ትዝ አለኝ። ካህኑ እስከ በሩ ተመልሰው መጡ።

«ምነው?»

«ግባ አልተባልኩም» አለ አባዬ።

ካህኑ ጎንበስ አሉለት። «እንግዳችን ነዎት፤ ይግቡ።»

ሊቀመንበሩ ወንበሩን በአንድ ወገን ያዘ። ሌላው ወገን የእኔ ነው። ልይዘው ጎንበስ ስል ዓይን ለዓይን ተጋጨን፤ ሊቀመንበሩ ፈገግ አለልኝ። እኔ ምን እንዳሳየሁት እንጃ፤ ፈገግታው ደረቀ። አባዬ ሁለታችንንም አየ።

«አንቺስ ምን ይዘሽ ነው የምትገቢው?» አለኝ በቀስታ።

ሁለት እጄን ከፍቼ አሳየሁት። «ምንም።»

«እሱን አይደለም። ቀለብሽን በልቼ፣ በእጅሽ ታጥቤ፣ ፊትሽ ላይ ያለው ይጠፋኛል?» ክንዴን ዳበስ አደረገኝ። «እሱ የራሱን ሰጠ። የአንቺን ሌላ ሰው አይሰጥልሽም። ካልተቻለሽ እዚህ ተቀመጪ፣ አልቆጣሽም። ትናንት እንዳልሽው ግን ሳል ይዘሽ አትግቢ።»

ሌላ ሰው መጥቶ የእኔን ወገን ያዘ። ገቡ። እኔ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ።

ይኸው እስከ ዛሬ እንዲሁ ነን። ጸሎት በሆነ ቁጥር ጎረቤት እያገዘኝ አባዬን በወንበሩ እስከ ደፉ አደርሰዋለሁ፤ ጋሼ ከዚያ ይቀበለኛል። ሳይናገረኝ አይቀበለኝም፤ «ደህና ነሽ?» ይላል። «ደህና» እላለሁ። ከዚያ ደረጃው ላይ እቀመጣለሁ። ሰው ምነው ሲለኝ ሱቄን እየጠበቅኩ ነው እላለሁ። ቤቱን ለእግዚአብሔር ያስረከብነው ሦስታችን ነን ይባላል፤ ያስረከቡት ሁለት ናቸው። በሩን ለእኔ ብለው ወለል አድርገው ይተዉታል፤ ግቢ ያላለኝ የለም። አባዬ ከውስጥ ሲያስል ይሰማኛል፤ ጀርባውን የሚያሸው ጋሼ ነው። ደንበኛ አድርጎ አያሸውም፤ የሚታሸው ከትከሻው በታች መሆኑን አያውቅም። ልነግረው እነሳለሁ፣ ደፉ ጋ ስደርስ መልሼ እቀመጣለሁ።