የሃርልኮም ታሪክ፣ ገጽ መቶ አሥራ ሁለት

መጽሐፉ ማክሰኞ ጠዋት በፖስታ መጣ። ሚስ ሚልድረድ ኦክሾት መቀመጥ እንኳ አላስቻላቸውም፤ በር ላይ እንደቆሙ መጠቅለያውን ቀደዱት። «የሃርልኮም የልጆች አዳሪ ትምህርት ቤት፦ መቶ ዓመት» ይላል ሽፋኑ። ከሥሩ የጸሐፊው ስም አለ፤ ሮድሪክ ፔል።

ሮድሪክን እሳቸው አሳደጉት ማለት ይቻላል። በዚያ የመንደር ትምህርት ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ሜትሮን ነበሩ፤ የታመመውን ያስታምማሉ፣ የተቀደደ ካልሲ ይጠቅማሉ፣ እናቱ የናፈቀችውን ያባብላሉ። ሮድሪክ ሰባት ዓመት ሳይሞላው ነበር ወላጆቹ ከነሻንጣው አምጥተው የተዉት። አልጋው ላይ ሲሸና ሌሎቹ ልጆች ሳይነቁ አንሶላውን የሚለውጡለት እሳቸው ነበሩ። አንድም ልጅ አላወቀበትም።

አድጎ የትምህርት ቤቱን ታሪክ እንዲጽፍ በተጠየቀ ጊዜም መጀመሪያ የመጣው እሳቸው ዘንድ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ እየመጣ የዝንጅብል ኬካቸውን እየበላ ጠየቃቸው። እሳቸውም ነገሩት፤ ለማንም ተንፍሰውት የማያውቁትን የኮሊን ለንን ነገር ሳይቀር። የሕሙማን ክፍሉን የዕለት መዝገብም አውጥተው ሰጡት።

አሁን ገጹን እየገለጡ ኮሊንን ፈለጉት። ገጽ መቶ አሥራ ሁለት ላይ አገኙት።

«ከጦርነቱ በኋላ በመጣው በዚያ የከፋ የበረዶ ወቅት ትምህርት ቤቱ አንድ ተማሪ አጣ። ሜትሮኗ የልጁን ትኩሳት በጊዜው ባለማሳወቋ፣ ዋና መምህሩ ሚስተር ጋርላንድ ሐኪም ሲያስጠሩ ረፍዶ ነበር።»

ደግመው አነበቡት። ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

እውነቱ እንዲህ ነበር። ሚስ ኦክሾት ሰኞ ጠዋት ለዋና መምህሩ ተናግረዋል። ሚስተር ጋርላንድ ግን፣ «ሐሙስ ወላጆች ይመጣሉ። በሽታ ገባ ከተባለ አንድ ልጅ አይቀርልንም። ጉንፋን ነው፤ ትኩስ ነገር ስጪው» አሏቸው። ማክሰኞም ያንኑ ደገሙ። ረቡዕ ጠዋት ኮሊን ሰው መለየት ሲያቅተው፣ ሚስ ኦክሾት ማንንም ሳያስፈቅዱ በረዶውን እየጣሱ እስከ ጎረቤት መንደር በእግራቸው ሄደው ሐኪም ይዘው መጡ። ልጁ በዚያው ቀን አሥር ሰዓት ላይ አረፈ። ሚስተር ጋርላንድ እንደ ሕፃን አለቀሱ። «ሚልድረድ፣ ይህ ከወጣ የሰማንያ ልጆች ቤት ይፈርሳል» ብለው ለመኗቸው። እሳቸውም ዝም አሉ።

ስልኩን አንስተው ለሮድሪክ ደወሉ።

«ገጽ መቶ አሥራ ሁለትን የጻፍከው አንተ ነህ?»

«ሜትሮን... ላስረዳዎት እችላለሁ።»

«ጠየቅኩህ እኮ። አንተ ነህ?»

«እኔ የጻፍኩት እርስዎ እንደነገሩኝ ነበር። ዳፍኒ ጋርላንድ ረቂቁን አይታ፣ ‹የአባቴ ስም በክፉ አይነሳም› አለች። የቦርዱ ሰብሳቢ እሷ ናት። ያለዚያ መጽሐፉ አይወጣም ነበር።»

«መዝገቤስ?»

«እሷ ጋ ነው።»

«ታዲያ የእኔ ስም ይነሳ አልክ?»

«እውነቱን ልንገርዎት? እስኪታተም በሕይወት የሚቆዩ አልመሰለኝም።»

ሚስ ኦክሾት ስልኩን ቀስ ብለው አስቀመጡት። ባጎረሱ እጃቸው ተነከሱ።

ቅዳሜ የመቶኛ ዓመቱ በዓል ነበር። በክሪኬት ሜዳው ላይ ድንኳን ተተክሏል፤ ሻይና ሳንድዊች ይዞራል። ዳፍኒ ጋርላንድ ንግግሯን ስትጨርስ፣ «ከድሮ ሰዎቻችን የሚናገር አለ?» አለች። ሚስ ኦክሾት ባርኔጣቸውን አስተካክለው ተነሡ።

«ገጽ መቶ አሥራ ሁለት ላይ ያለችው ሜትሮን እኔ ነኝ። የተጻፈው ውሸት ነው። ሰኞ ተናግሬአለሁ፤ ማክሰኞ ተናግሬአለሁ። ሐኪሙንም ያመጣሁት እኔ ነኝ።»

ዳፍኒ ፈገግ አለች። «ሚስ ኦክሾት፣ ሁላችንም እንወድዎታለን። ግን አርባ ዓመት ሊሞላው ነው እኮ፤ እንዲህ ሲቆይ ነገር ይምታታል። ሙቀቱም በርትቷል፤ እባካችሁ አንድ ሰው ነፋሻ ቦታ ያስቀምጣቸው።»

ሚስ ኦክሾት ወደ ሮድሪክ ዞሩ። ሮድሪክ አቀርቅሮ መነጽሩን ይወለውላል።

«አልተምታታባቸውም!» አለ ከኋላ አንድ ወፍራም ራሰ በራ ሰው። ባርናቢ ክራስክ ነው፤ የድሮ ተማሪ። «ከኮሊን አልጋ አጠገብ የተኛሁት እኔ ነበርኩ። ሐኪሙን ይዘው ሲገቡ ቀሚሳቸው እስከ ጉልበታቸው በረዶ ሠርቶ እንደ ጣውላ ደርቆ ነበር። ሲራመዱ ይንቋቋል። እስካሁን ይሰማኛል።»

ዳፍኒ ወዲያው ለሙዚቀኞቹ ተጫወቱ የሚል ምልክት ሰጠች።

ሲወጡ ሚስ ኦክሾት የባርናቢን ክንድ ያዙ። «ይህን ሁሉ ዘመን ለምን ዝም አልክ?»

«ማን ጠየቀኝ ሜትሮን? እርስዎም እኮ ዝም ብለው ነበር።»

ሚስ ኦክሾት ክንዱን ለቀቁት። የኮሊን እናት ለቀብር የመጣች ዕለት፣ «ሐኪሙ ወዲያው ነው የመጣው?» ብላ ጠይቃቸው ነበር። «አዎ፣ ወዲያው» ነበር ያሏት።

ትምህርት ቤቱ ባልተሸጡት መጽሐፎች ውስጥ አንዲት ብጣሽ ወረቀት ጨመረ፤ «በገጽ 112 የተገለጸው ጉዳይ አከራካሪ ነው» የምትል። በዚሁ አበቃ። ሚስ ኦክሾት ግን ለኮሊን እህት ሁሉንም ዘርዝረው ጻፉላት። መልሱ አጭር ነበር። «ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ። እናቴ ‹እያሳለ ትምህርት ቤት የላክሁት እኔ ነኝ፤ ገዳዩ እኔ ነኝ› እንዳለች ሞተች። ለእሷ ቢነግሯት ኖሮ ጥሩ ነበር።»

ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ሮድሪክ አበባ ይዞ መጣ። ሚስ ኦክሾት ግባ አላሉትም።

«ይቅር ይበሉኝ ሜትሮን።»

«ጋርላንድ ትምህርት ቤቱን ብሎ ዋሸ፤ እኔም ትምህርት ቤቱን ብዬ ዋሸሁ» አሉ። «አንተ ግን ምን ብለህ ነው?»

ሮድሪክ አበባውን ደረጃው ላይ አስቀምጦ ሄደ። አጥሩን እስኪያልፍ አዩትና በሩን ዘጉ።