ከኬሚካል ነፃ

ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ አጠገብ ጥፍር ቤት የከፈተችው ሄለን ከቡርሿ ይልቅ ምላሷ ይፈጥናል። ለመጣው ሁሉ «የእኔ ቀለም ከኬሚካል ነፃ ነው» ትላለች። «ከአፍ ይራቅ» የሚለውን ማስጠንቀቂያ ከየጠርሙሱ ላይ ፍቃ ያነሳችው ግን ራሷ ናት።

ያን ቀን ልቧ ተሰቅሎ ነበር። ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ልጃቸውን ደምለውን ሊድሩ ነውና እጮኛውን ፅጌን አስከትለው ከደብረ ወርቅ በሚኒባስ መጥተዋል። ሙሽራዋንና ሚዜዎቿን በሙሉ የምታስውበው ሄለን ከሆነች በከተማው ስሟ ተጠራ ማለት ነው። ካልሆነች ደግሞ ቤቱን ዘግታ ወደ እናቷ ጓዳ መመለሷ ነው።

ወይዘሮዋ ጠርሙሱን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉና ወዲያው አራቁት። «ለመሆኑ ምን ምን አለበት?»

«ምንም የለበትም እማማ! ቢበሉት እንኳ አይጎዳዎትም።»

«ምነዋ ታዲያ፣ እኔንም ቀቢኛ!» ብለው ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ።

ፅጌ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። ሄለን ግን ደስታውን አልቻለችውም፤ አምስቱንም ጥፍር በርበሬ አስመስላ ቀባቻቸው። ሽታው ራስ ሲበጠብጥ ታውቀዋለችና በዘዴ መስኮቱን በክርኗ ገፋ አደረገች።

ወይዘሮዋ ጣታቸውን እፍ እፍ ካሉ በኋላ ለመንገድ የያዙትን አገልግል ከፈቱ። ከሽሮው ፍትፍት በዚያው በተቀባው እጃቸው ትልቅ ጉርሻ ጠቀለሉና ወደ ሄለን አፍ ሰነዘሩ።

«እንኪ ልጄ፣ በሞቴ!»

ሄለን ጉርሻውን አየችው። አምስት ቀይ ጥፍር ከቦታል፤ ሽታውም ከሽሮው ቀድሞ ደርሷል። በማን ሞት እየተለመነች እንደሆነ ግራ ገባት።

«ጠግቤያለሁ እማማ...»

«በሞቴ እያልኩሽ?»

ጉርሻ እንቢ ማለት ነውር ነው፤ ያውም የሙሽራው እናት ጉርሻ። አፏን ከፈተች፣ መልሳ ገጠመችው። ፊቷ በእፍረት ጋለ።

«ይቅር ይበሉኝ እማማ፣ ዋሽቻለሁ። ውስጡ ምን እንዳለ እኔም በቅጡ አላውቅም። ከአፍ ይራቅ ይል ነበር፤ ጽሑፉን የፋቅሁት እኔ ነኝ።»

ወይዘሮዋ ጉርሻውን የአገልግሉ ክዳን ላይ አኑረው ከት ብለው ሳቁ። «እሱንማ ገና ስገባ አውቄያለሁ። ግራ እጅሽ ተኳኩሏል፤ የምትበይበት ቀኝሽ ባዶውን ነው!»

ሄለን ሰርጉ አመለጠኝ ብላ ዕቃዋን መሰብሰብ ጀመረች።

«ወዴት ነው?» አሉ ወይዘሮዋ። «ፅጌ ልጄን የምታጎርሰው በቀኟ ነው፤ እሱን እንሶስላ አሞቃታለሁ። ግራዋን አንቺ ቀቢያት። ጽሑፉን ግን ሁለተኛ እንዳትፍቂ!»

ሰርጉ አለፈ። የከተማው ቆነጃጅት ግን ነገሩ የአዲስ አበባ ፋሽን መስሏቸው ዛሬ ግራ እጃቸውን ብቻ ዘርግተው ይቀመጣሉ። «ከኬሚካል ነፃ የሆነው የትኛው ነው?» የምትል ከመጣች፣ ሄለን ጠርሙሶቿን ትታ የደንበኛዋን ቀኝ እጅ ታነሳና «ይኸው!» ትላታለች።